ድንበር ገፊ

የከተማዬ ስም ደብረ ብርሃን ነው፤
እኔን ያመመኝም ይኸው ብርሃን ነው።
ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ፣
በሶኬት የመጣውን ነው የምነግራችሁ፤
አንድ ክንድ ከፊቴ፣ ከጠረጴዛው ላይ
ሲያፈጥብኝ የሚውል፣ እኔም እሱን ሳይ።

የወረዳው መሬት ቢሮ ጸሐፊ ነኝ፤
አሮጌ መዝገብ ነው የተቆለለልኝ።
አይጥ የቀመሰውን፣ ብል የጀመረውን፣
በቆርቆሮው ቀዳዳ ዝናብ ያራሰውን፣
የገበሬውን ስም፣ የማሳውን ልክ
ወደ ማሽን ሳግዝ፣ ዓይኔ ሲንበረከክ፦
በሰሜን ገደሉ፣ በደቡብ መንገድ፣
በምሥራቅ የእገሌ፣ በምዕራብ የጥድ ግንድ።

አምስት ሰዓት ሲል ነው የሚጀምረኝ፤
መጀመሪያ ቅንድቤን፣ በጥፍር እንደያዘ ሰው፣ ቆንጠጥ የሚያደርገኝ።
ከዚያ ፊደል ያብዳል፤
‹በ› ሦስተኛ እግር አብቅሎ ‹ሐ› ይሆናል፤
መስመር በመስመር ላይ
እንደ ፋብሪካ ብርድ ልብስ ይታጠፋል፤
ከዓይኔ ኋላ አንድ ሰው ሚስማር ይመታል።

«ምች ነው» ይላል አንዱ፣ ዳማከሴ ጨምቆ፤
«ባዶ ሆድ ነው» ይላል ሌላው ተሳልቆ፤
«ዓይን ነው የበላህ» ትላለች ትርሲት፣
የሷም ዓይን ቀልቶ፣ እዚያው ክፍል፣ እዚያው በሽታ ቤት።
እውነቷን ሳይሆን አይቀርም፤
ከዚህ ከሚያፈጠው ሌላ እኔን ልብ ብሎ ያየኝ የለም።

ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣
ያንኑ ደዌ በትንሹ ከኪሴ ስቤ፣
«የራስ ምታት መድኃኒቱ ምንድን ነው?» እለዋለሁ፤
በሽታን ስለ በሽታ ጠይቄ አነጋለሁ።

የዓይን ሐኪሟ ጠብታ ሰጠችኝና፣
«በየሃያ ደቂቃው ሩቅ እይ» አለችኝ፣ «በል ቀና።»
ቀና አልኩ። በመስኮቴ ላይ
ሦስት ሜትር አልፎ ግንብ፤ ግንቡ ላይ በቀይ
«መሽናት ክልክል ነው»።
ሌላ ሩቅ የለም፣ የሚታይ።

ሐሙስ ከጉዶ በረት መጡ ወይዘሮ በለጥሻቸው፤
አዲሱ የይዞታ ደብተር በነጠላ ተጠቅልሎ በእጃቸው።
«ልጄ፣ ከአፋፉ ላይ ባቄላ የምዘራባት
አንዲት ቁራሽ ነበረችኝ፤ ወረቀትህ ወዴት ወሰዳት?»
ከኋላቸው ዘውገ፣ አዋሳኛቸው፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣
«ለእኔ ነው የሰጠኸው» አለ፣ እንደ ሌባ ተሳቅቆ፤
«ያልገፋሁትን ድንበር ገፍተህ አትስጠኝ፤
ልጆች አሉኝ እኮ፤ እርግማን አታሸክመኝ።»

መዝገቡን ገለጥኩት።
አንድ መስመር። አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ነው ዓይኔ የወደቀው፤
የሳቸውን ቁራሽ ከሱ ስም ጋር ጣቴ ያጣበቀው።
አያቴ በሬ ጠምዶ፣ አባቴ ሞፈር ይዞ ያልደፈሩትን ነገር፣
እኔ ወንበር ላይ ሆኜ፣ ራሴን ይዤ፣ ገፋሁ የሰው ድንበር።

ቅዳሜ አብሬያቸው ወጣሁ፣ ቁራሿን ላያት።
ጉም ከቆላ ተነሥቶ አፋፉን ሞልቶት፣
በትራቸውን ዘረጉ፦
«ያቺ ነጭ ድንጋይ፣ ወሰናችን፣ ትታይሃለች?»
«አትታየኝም።»
«ከሷ ወዲያ፣ የዘውገ ወንድም አህያስ? የቀኝ እግሯን ታነክሳለች።»
ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። የኔ ሠላሳ አንድ።
ዓይኔን አሸሁ፤ አነባ።
ቆየሁ። ብዙ ቆየሁ።
መጀመሪያ አጥሩ መጣ፤ ከዚያ ገብሱ፣ ዘለላ ዘለላው ተለይቶ፤
ከዚያ ጉሙ ተሰንጥቆ፣
ጥርስ የምታህል፣ ነጭ፣
ድንጋይዋ።

ሰኞ መስመሩን ወደ ቦታው መለስኩት።
ራስ ምታቱ አልተወኝም፤ ሰዓት አክባሪ ነው፣
አምስት ሰዓት ሲል ከተፍ።
እኔ ግን በየሃያ ደቂቃው፣ ጃኬቴን ደርቤ
እስከ ግቢው በር እወጣለሁ።
«ዛሬም አልመጣም እንግዳህ?» ይለኛል ዘበኛው፣
«ማንን ነው የምትጠብቀው?»
«አንዲት ድንጋይ» እለዋለሁ።
ዝም ይላል። ኋላ እሱም
እጁን ከግንባሩ አድርጎ
ማዶ ማዶውን ያያል።